መልስ የማይሰጠው መንገደኛ

«እነዚህን ሦስት ወንበሮች ላንሳና በር ላይ ለቆሙት ልስጥ?» አለ ጎረቤታቸው አናጢው።

«ተዋቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ባዶ እኮ ናቸው።»

«ባዶ መሆናቸውን አይቻለሁ። ዓይን አለኝ። ተዋቸው።»

አናጢው እጁን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ሐዘንተኛን መከራከር ነውር ነው ብሎ አይደለም። ይህችን ሴት ሃያ ዓመት ያውቃታል፤ ሐዘን ላይ ሳትሆንም ተረትታ አታውቅም።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። አባቷ ሰዓት ሠሪው እሁድ ከሰዓት በኋላ በሱቁ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አረፈ፣ ሰኞ ተቀበረ። ለቀስተኛ የሚቀበሉት እስከ ቅዳሜ ነው። ሳሎኑን ያሰናዳችው እሷ ነች። በግራው ግድግዳ በኩል የእናቷ ወገን ተደርድሯል፤ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የአክስት ልጅ አማች፣ ማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ግን በየለቅሶው የማይጠፋ አንድ ሽማግሌ። በቀኙ ግድግዳ በኩል ለአባቷ ወገን ሦስት ወንበር አስቀመጠች። ሦስቱም ላይ የተቀመጠ የለም።

ሊኖርም አይችልም። ሰዓት ሠሪው በዚህ ቤት አርባ ስድስት ዓመት ሲኖር ከእሱ ወገን የሆነ ሰው ደጁን አንኳኩቶ አያውቅም። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ይጠይቁት ነበር።

«አባዬ፣ የአንተ እናት የት ነች?»

«እኔ እናት የለኝም። በፖስታ ነው የመጣሁት። ቴምብሩ እዚህ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ስታጠብ ለቀቀ።»

በሌላ ቀን ሲጠይቁት አባቱ የከብት ነጋዴ ይሆናል። በሌላ ቀን የመርከብ ካፒቴን። አንድ ጊዜ አስተማሪዋ ስለ አያቶቻችሁ ጻፉ ስትል፣ ልብስ ሰፊዋ የፖስታውን ታሪክ ጽፋ ሄደች። ክፍሉ ሳቀባት። በዚያው ዓመት ትምህርቱን አቆመች። በዚያ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፣ ግን አልረሳችውም።

ሻይ ስታድል የእናቷ እህት ለጎኗ ሴትዮ ስትንሾካሾክ ሰማቻት። ሰፈሩ ይህችን አክስት «ራዲዮ» ነው የሚላት። ሹክሹክታዋ ከሌላው ሰው ጩኸት ይበልጣል።

«ምስኪን! አንድ ዘመድ እንኳ የለውም። ከሰማይ ዱብ ያለ ሰው ነው። እህቴን ምን አስነክቶ እንዳገባት ዛሬም አልገባኝም።»

ልብስ ሰፊዋ የሻይ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ትንሽ ጠንከር አድርጋ ነው ያሳረፈችው።

«አክስቴ፣ እስከ ቅዳሜ ከአባቴ ወገን አንድ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል።»

«ከየት ታመጪዋለሽ፣ ልጄ?»

«እፈልጋለኋ!»

ልብስ ሰፊዋ ከየት እንደምታመጣው እሷም አታውቅም። ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል፤ ከአፏ የወጣን ነገር መልሳ አስገብታ አታውቅም።

ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሟ ማድ ቤት ድረስ ተከተላት።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? ሰው ፊት እንዲህ ይባላል?»

«ተባለ እኮ። አሁን መላ አምጣ።»

«ኢንተርኔት ላይ ዘር የሚፈለግበት ድረ ገጽ አለ ይላሉ። ነፃ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተርም ነፃ ነው።» ሊያበርዳት ብሎ ነው እንጂ ከልቡ አልነበረም። አራተኛ ክፍል ያቋረጠች እህቱ ኮምፒዩተር ፊት ትቀመጣለች ብሎ መች ጠርጥሮ።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ሲከፈት እሷ ደረጃው ላይ ነበረች፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ካርድ አወጣችላትና ኮምፒዩተሩን አስጀመረችላት።

«ይሄ ሁሉ በነፃ ነው?»

«በነፃ ነው።»

«ታዲያ ሰዉ የታለ?»

«ብዙ ሰው ዘመዱን የሚፈልገው አይመስለኝም» አለች ሠራተኛዋ።

የአባቷን ስም ከነአባቱ ስም በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች። አርባ ሁለት ሰው መጣ። በድሮ ጋዜጦች ውስጥ አንዱ ትልቅ ዱባ አብቅሎ ተሸልሟል። ሌላው በአደባባይ ፏፏቴ ውስጥ ሲዋኝ ተይዞ ተቀጥቷል።

«ይሄ ነው! ይሄ አባቴ ነው!»

«ጋዜጣው የወጣበትን ዓመት ይዩት። አባትዎ ቢሆን ዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመቱ ነው።»

«ምን ላድርግ፤ ጠባዩ ግን የሱ ነው።»

ሠራተኛዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሌላ ገጽ ከፈተችላት። በጎ ፈቃደኞች በየመቃብሩ እየዞሩ የድንጋዮቹን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ያስቀመጡበት ነው። ልብስ ሰፊዋ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። መቃብር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንላትምና፣ ለእያንዳንዱ ድንጋይ «ነፍስ ይማር» ትላለች። አሥረኛው ላይ ሠራተኛዋ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ቀጠለች። አሥራ አምስተኛው ላይ ከወዲያ ጥግ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ አዛውንት ቀና ሳይሉ «አሜን» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እየተቀባበሉ እስከ ሠላሳ ስድስት ደረሱ።

ከመቃብሮቹ የተገኘ ነገር የለም። በመጨረሻ ሠራተኛዋ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ራሳቸው እየሣሉ የሚያስቀምጡበትን ድረ ገጽ ከፈተችላት። የአያቷን ስም ጻፈች። አንድ ሐረግ መጣ። ከላይ የአንድ ባልና ሚስት ፎቶ አለ፤ የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ ፎቶ አንሺው የሚደበድባቸው ይመስል ፈርተው።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«ጆሮው!»

«ቀስ ይበሉ…»

«ጆሮውን እዪው! እንደ ድስት እጀታ! የአባቴ ጆሮ ነው፣ የወንድሜ ጆሮ ነው!» ሻሿን ገለጥ አደረገች። «የኔም ነው!»

ሠራተኛዋ መነጽሯን አድርጋ አንዴ ፎቶውን አንዴ ሴትዮዋን አየች። ክርክር አልነበረውም።

ከባልና ሚስቱ ሥር ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ ሁለቱም ባዶ፣ ሁለቱም ላይ «የተሰወረ» ተብሎ ተጽፏል። ከአንዱ ሣጥን ጎንና ሥር ደግሞ ሌሎች የተሰወሩ ሣጥኖች አሉ።

«ማነው የሰወራቸው? ምን አድርገው ነው የሚሰወሩት?»

«ማንም አይደለም። ድረ ገጹ በሕይወት ያለን ሰው ስም አያሳይም። የሚያሳየው የሞቱትን ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሣጥኖቹን ደግማ ቆጠረች። «እንግዲያ አንደኛው አባቴ ነው። ሌላው ወንድሙ ወይ እህቱ ናት። በሕይወት አለች ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አባቴ ግን ሞቷል እኮ።»

«ለድረ ገጹ የነገረው የለማ» አለች ሠራተኛዋ፣ ካለችው በኋላ ደነገጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅር። አይንገሩት።» ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ይሄን የሠራው ሰው ማነው?»

ስም የለም። ባለቤቱ ራሱን «መንገደኛው» ብሎ ነው የሰየመው። መልእክት መላክ ግን ይቻላል፤ እሱም በነፃ። ሩብ ሰዓት ፈጅታ እንዲህ ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። የአያቴን ፎቶ እርስዎ ዘንድ አየሁ። የሰዓት ሠሪው ልጅ ነኝ። እርስዎ ማነዎት? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።»

ቤት ስትገባ ራዲዮ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ጉድ መጥቷል! በዘጠኝ ሰዓት ዶሮ ጮኸ!»

«የማን ዶሮ?»

«እኔስ እሱን አይደል የምልሽ! ቤቱ ውስጥ ነው የጮኸው። ጸሎት መሃል! ሽማግሌው ሻዩን ጭኑ ላይ ደፋው።»

«ዶሮ የለንም፣ አክስቴ።»

«የለንማ! ለዚህ ነው ጉድ ያልኩሽ!»

እናቷ መኝታ ቤቱ በር አጠገብ እንደ ወትሮዋ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ከእሁድ ጀምሮ አሥር ቃል አልተናገረችም። በየሰዓቱ እየተነሳች ወደ መኝታ ቤት ትገባለች፣ ትወጣለች። ለምን እንደምትገባ ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ በበሩ ስንጥቅ አይታለች። የባሏ ስልክ ትራሱ ሥር ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ እናትየው ባትሪው እንዳይጎድል ታየዋለች። ሌላ ምንም አታደርግም። ልብስ ሰፊዋም አይታ እንዳላየች አለፈች። ስለሱ ብታነሳ ሁለቱም የሚሆኑትን አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት መንገደኛው አልመለሰም። ሠራተኛዋ ድረ ገጹን በልብስ ሰፊዋ ስልክ ላይ ጫነችላት። እዚያው ጻፈች፦

«ጌታዬ፣ ትናንት ጽፌልዎት ነበር። ሐዘን ላይ ነኝ። ሰው ሲጠይቅ ይመለሳል።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ፦ «ምነው? እጅዎ ተሰብሯል?»

ቤት ስትመለስ ዶሮው ሁለት ጊዜ ጮኾ ነበር። አናጢው ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት አንኳኩቶ ጨርሷል። የአክስት ልጅ አማች ደግሞ ሟቹ ዶሮ ይወድ እንደነበር ማስታወስ ጀምራለች። አይወድም ነበር። ሽታው ያስነጥሰው ነበር።

ዓርብ ልብስ ሰፊዋ «እርስዎ» ማለቱን ተወችው።

«አንተ ሰው! የሰው አያት ሰብስበህ ዝም ትላለህ? ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። የአባቴ እህት ይሁን ወንድም የት እንዳለ ብቻ ንገረኝ። ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ተኛ።»

ዝም። ወንድሟ ሲያያት ጥርሷን ነክሳ ነው የምትዞረው።

«እትዬ፣ ይብቃሽ። አባዬ ራሱ ቢያይሽ ይስቅብሽ ነበር።»

«ይሳቅ። ሲስቅ ነው የኖረው። እኔን እየሳቁብኝ ሲኖሩ እሱ ቴምብር ይላል። ሬሳውን የተሸከሙት ሁሉ የእማዬ ዘመዶች ናቸው፤ አንድ እንኳ ‹ወንድሜ› ብሎ ያለቀሰለት የለም። ይሄ ያስቃል?»

ወንድሟ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ፤ በሕይወቱ አጥቦ አያውቅም፣ ሁለቱን ሰበራቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ያልመጣው ሁሉ መጥቷል። ሦስቱ ወንበሮች እንዳሉ ናቸው። ሰው ቆሟል፣ ማንም ግን ሊቀመጥባቸው አልደፈረም፤ ልብስ ሰፊዋ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና ታያለቻ። ራዲዮ ወንበሮቹን አየችና፣ ልብስ ሰፊዋን አየችና፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ትንፋሽ ስድብ ይሻላል።

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ እዚያው በሩ ላይ ጻፈች፦

«አንተ ሌባ!»

ላከችው። ከመኝታ ቤት ዶሮ ጮኸ።

ሽማግሌው ሻዩን በሁለት እጁ ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አየች። ቀስ ብላ ደግማ ጻፈች፦

«ሌባ»

ዶሮው ጮኸ።

አንዲት ነጥብ ብቻ ጻፈችና ላከች። ዶሮው ጮኸ።

በሰዉ መሃል ሰንጥቃ መኝታ ቤት ገባች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

«እማዬ፣ ዶሮው ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሳላውቅ! ሱቅ ሆኖ ስደውልለት ከጀርባው ሲጮህ እሰማው ነበር። ቤት ሲገባ ድምፁን ያጠፋዋል።» እናትየው ስልኩን በቀሚሷ ጠረገችው። «እሁድ የሚያጠፋው አልነበረማ።»

«ሰዉ ዶሮ ፍለጋ ኮርኒስ ሲያንኳኳ ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ልብስ ሰፊዋ ከጎኗ ተቀመጠች። ስልኩ ቁልፍ አልነበረውም። ስትከፍተው መጀመሪያ ያየችው የራሷን መልእክት ነው፤ ሌባ፣ ሌባ፣ ነጥብ። ከዚያ በላይ ‹እጅዎ ተሰብሯል›። ከዚያ በላይ ‹ጌታዬ›። መንገደኛው አባቷ ነበር። አራት ቀን ሙሉ የሞተ አባቷን ስትሰድብ ከርማለች።

ከሷ መልእክቶች ቀጥሎ ሌላ ረጅም ጽሑፍ አለ፣ ከአንዲት ሴት ጋር የተጻጻፈው። ከሁለት ወር በፊት ነው የሚጀምረው። ለእናቷ ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየሞከረች አነበበችላት።

ሴትየዋ፦ «እውነት አንተ ከሆንክ፣ ለምን ቤት ጥለህ እንደሄድክ ንገረኝ።»

እሱ፦ «የአባባን የግድግዳ ሰዓት ፈታሁት። መልሼ መግጠም አቃተኝ። አባባ ከገበያ ሳይመለስ ጠፋሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።»

ሴትየዋ፦ «በአንተ ፋንታ የተገረፍኩት እኔ ነኝ። አንተ ደንቆሮ፣ ስለ ሰዓት ስድሳ አንድ ዓመት ይጠፋል?»

እሱ፦ «መጀመሪያ መጠገን ልማርና እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሳልማር አለማወቄ፣ ከተማርኩ በኋላ መዘግየቴ አሳፈረኝ።»

ሴትየዋ፦ «ብረታ ብረቱ እስከ ዛሬ በጨርቅ ተቋጥሮ ሣጥን ውስጥ አለ። ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ። ትገጥመዋለህ፣ አለዚያ እገጥምሃለሁ።»

እሱ፦ «መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ቡናማ ኮፍያ አደርጋለሁ። ለቤተሰቤ አልነገርኩም፤ ይዤሽ ስገባ ነው የሚያዩት። በተለይ ሴቷ ልጄ። እሷ ካላየች አታምንም። ሕይወቷን ሙሉ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም እስከ ዛሬ በቀልድ ነው ያለፍኩት።»

ልብስ ሰፊዋ እዚህ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። እናትየው ቀሪውን እንድታነብላት አልጠየቀቻትም። ሁለቱም የስልኩን መስታወት እያዩ ተቀመጡ።

ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ተደወለ። አንስታ ጆሮዋ ላይ ሳታደርሰው ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው።

«አንተ! የት ነህ? መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እግሬ አበጠ! ቡናማ ኮፍያ አልክ፣ የታለ ቡናማው? እዚህ ያለው ወንድ ሁሉ ባዶ ራሱን ነው! አንዱን መላጣ ‹ወንድሜ አንተ ነህ ወይ› ብዬ አንገቱ ላይ ብጠመጠም ሚስቱ ልትመታኝ ነበር! ይሄን ብረታ ብረት ተሸክሜ ትከሻዬ ሊገነጠል ነው! ከእሁድ ጀምሮ አንድ ቃል አልጻፍክልኝም፤ ደግሞ ጠፋህ? ደግሞ? በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ልትጠፋብኝ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ተያት» አለች በሹክሹክታ። «ትጨርስ።»

ጭንቅላታቸውን ገጥመው፣ ስልኩን በሁለቱ ጆሮ መሃል አድርገው አዳመጡ። ሴትየዋ ገና ልጅ ሳለ የሰበረውን ማሰሮ አነሳች። ፈትቶ የለቀቃትን ጥጃ አነሳች። ከአልጋ ላይ ገፍቶ ስለጣላት ቀን ተናገረች። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ቤት ‹ነበር› ሲባል የከረመ ሰው፣ አሁን አንድ ሰው ‹ነህ› እያለ ይቆጣዋል። እናትየው ዓይኗን ጨፍና ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጥሩ ዘፈን እንደሚሰማ ሰው።

«ዝም ነው አይደል?» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ። «ትንፋሽህን እሰማዋለሁ እኮ።»

«መጣሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ካሉበት እንዳይንቀሳቀሱ።»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ልጁ ነኝ።»

«ያቺ ካላየሁ አላምንም ባይዋ?»

«እሷው ነኝ።»

ከወዲያ የአውቶብስ ጥሩምባና የተሸካሚዎች ጩኸት ብቻ ተሰማ።

«እሱስ?» አለች ሴትየዋ። ድምፅዋ ያ ድምፅ አልነበረም።

«መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«እሺ» አለች ሴትየዋ። ከዚያ ደግማ «እሺ» አለች። የሆነ ብረት መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። «እዚሁ ነኝ፣ ልጄ። ተቀምጫለሁ። በምን አውቅሻለሁ?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ቡናማው ኮፍያ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

«በኮፍያው» አለች።

ጥቁር ሻሿን ፈታች። ኮፍያውን አወረደችና አደረገችው። እናቷ ተነስታ ጫፉን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገችላት፣ ሱቅ ሲሄድ ታደርግለት እንደነበረው።

ልብስ ሰፊዋ የወንድ ኮፍያ አድርጋ በሳሎኑ መሃል ወደ መናኸሪያው ወጣች። ለቀስተኛው ሁሉ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። ራዲዮ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

ኮፍያው ልኳ ነበር።